ሰበካ ጉባኤያችን ውስጥ አንዲት ሴት የለችም፤ የእናንተ አጥቢያስ?

ጽጌ ዘአጥቢያ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ዛሬ ግን ይውጣልኝ።

በአጥቢያችን 11 ዓመት አገልግያለሁ። ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ ዘማሪ ነበርኩ። ኋላ የሕንፃ ኮሚቴውን ሒሳብ ያዝኩ፤ ሙያዬ ነውና። የሲሚንቶው፣ የብረቱ፣ የቆርቆሮው ደረሰኝ በሙሉ በእጄ አልፏል። ገንዘቡን የሰበሰቡት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ዝናብ እየመታቸው ሙዳየ ምጽዋት ይዘው በር ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። በንግሥ ቀን እንጀራ የሚጋግሩት፣ ጠላ የሚጠምቁት፣ ሲመሽ ድስቱን አጥበው የሚሄዱትም እነሱ ናቸው።

ከሁለት ወር በፊት የሰበካ ጉባኤ (የአጥቢያው አስተዳደር) ምርጫ ነበር። አንድ አባት የእኔን ስም ጠቆሙ። ከኋላ አንድ ሰው ተነሣና «ከካህናት ጋር ተቀምጣ ሴት ምን ልትወስን ነው?» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የመለሰለት የለም። ስሜ ሳይጻፍ ወደሚቀጥለው ጥቆማ ታለፈ። ቤቴ እስክደርስ እንባዬን ያዝኩት። በሳምንቱ አዲሱ ሒሳብ ያዥ ደወለልኝ። «እህቴ፣ መዝገቡ አልገባኝም፤ መጥተሽ ብታሳዪኝ?» አለኝ። ሄድኩ። ሦስት ምሽት አብሬው ተቀመጥኩ። የእግዚአብሔር ቤት ገንዘብ ነው፤ ተቀይሜ ልተወው አልችልም።

ከወዲሁ ግልጽ ላድርገው። ክህነት ስጡኝ አላልኩም። መቅደስ ልግባ፣ ታቦት ልሸከም አላልኩም። የቤተ ክርስቲያናችን የአስተዳደር ደንብ ቃለ ዓዋዲው ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይመረጣል ይላል። ሴት ምእመን አይደለችም እንዴ? ሥራው ላይ ካለን ውሳኔው ላይም እንኑር ነው የምለው።

የእናንተ አጥቢያ እንዴት ነው? ኦርቶዶክስ ያልሆናችሁም ብትጽፉ ደስ ይለኛል። ስድብ ግን እባካችሁ ይቅር።


አትሮኖስ

እህቴ ጽጌ፣ ዲያቆን ነኝ። አንብቤ ከልቤ አዘንኩ።

በክህነት ጉዳይ አቋሜን ልንገርሽ። ጌታ የመረጣቸው 12ቱ ሐዋርያት ወንዶች ናቸው። ከእመቤታችን የምትበልጥ ፍጥረት የለችም። በዓመት 33 በዓል እናከብርላታለን፤ ውዳሴዋን በየቀኑ እንደግማለን። ክህነት ግን አልተሰጣትም። ስለዚህ ክህነት የክብር ማነስና መብለጥ መለኪያ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን የተቀበለችው ሥርዓት ይህ ነው፤ እኔም አምንበታለሁ።

ያንቺ ጥያቄ ግን ይህ አይደለም። ሰበካ ጉባኤ አስተዳደር ነው። የሕንፃ፣ የገንዘብ፣ የበጎ አድራጎት ጉዳይ ነው የሚታይበት። እዚያ ሴት አትቀመጥም የሚል ቀኖና እኔ አላነበብኩም። ያ ሰው የተናገረው ልማድ ነው። እኛ ካህናት ደግሞ ዝም ስንል ልማዱ ሥርዓት መስሎ ይቀራል። በዚያ ቀን አንድ ካህን ተነሥቶ «ይህ ስሕተት ነው» ማለት ነበረበት።


ቃሉ ይቅደም

ሰላም። እኔ ወንጌላዊ ነኝ፣ የፕሮቴስታንት አማኝ። በጨዋነት የተለየ ሐሳብ ላቅርብ።

ልማድ ብቻ ነው ብለን ማለፍ አንችልም። ሐዋርያው «ሴት ግን በዝግታ ትኑር እንጂ ልታስተምር ወይም በወንድ ልትሰለጥን አልፈቅድም» ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፏል። ቀጥሎም ምክንያቱን ወደ አዳምና ሔዋን ይወስደዋል። የኤፌሶን ባህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምን ፍጥረትን ይጠቅሳል? በእኛ ቤተ ክርስቲያን እህቶች ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ሕፃናትን ያስተምራሉ፣ የሴቶች ክፍልን ይመራሉ። የሽማግሌዎች ቦርድ ግን የወንዶች ነው። ይህን የምለው ሴትን ንቄ አይደለም። ወደ እምነት ያመጣችኝ እናቴ ናት። በጸሎቷ ነው የቆምኩት። ግን ቃሉ የሚለውን ማለት አለብኝ።


ጽጌ ዘአጥቢያ

ወንድሜ፣ አነጋገርህ የከበረ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን ያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ሴት ስትጸልይ ወይም ትንቢት ስትናገር ራሷን ትሸፈን ይላል። መሸፈኗን ካዘዘ መናገሯን ያውቃል ማለት ነው። በሮሜ 16 ፌቤንን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብሎ አደራ ይላል። ጵርስቅላን ከባሏ አስቀድሞ ሰላም ይላታል። እሷና አቂላ አጵሎስን ወስደው በትክክል አስተምረውታል፤ አጵሎስ ደግሞ ሊቅ ነበር። እነዚህንም አንድ ላይ ካላነበብን ሙሉውን ጳውሎስ አናገኘውም።

እናትህ ግን ልቤን ነካችው። እሷ ዛሬ በቦርዱ ብትቀመጥ ምን ትል ነበር? ከልቤ ነው የምጠይቅህ።


ጣና ዳር

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ታሪክ አስተምራለሁ። ጽጌ፣ አዳራሹ ውስጥ የተነሣው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከ350 ዓመት በፊት በግእዝ ተጽፎ ተቀምጧል፤ መልሱም አብሮት አለ።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ብዙዎቻችን በስም እናውቃታለን። ኅዳር 17 በዓሏ ነው። ገድሏን ገልጠን ያነበብን ግን ጥቂት ነን። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1592 ነው። ባለቤቷ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበር። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ንጉሡ ወደ ሮም (ካቶሊክ) ሃይማኖት ሲዞር ባሏ ከንጉሡ ጋር ሆነ። እሷ ያን ቤትና ያን ሀብት ትታ ወጣች። መነኮሰች። ከዚያ ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ ማስተማር ጀመረች። ንጉሡ ፊት አቆሟት። የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ ኢየሱሳውያኑ፣ ሊያሳምኗት ደከሙ፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ወደ ቆላው ተጋዘች። እዚያ በግዞት ሳለች ሰዎች ፈልገው መጡላት። የመጀመሪያዋ ማኅበር የተመሠረተችው በዚያ በረሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1642፣ በ50 ዓመቷ እስክታርፍ ሰባት ማኅበራት አቁማለች። ወንዶችም ሴቶችም በሥሯ ነበሩ። ከእሷ በኋላ መሪነቱን የወሰደችውም ሴት ናት፤ የትግል ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ገድሏን በ1672 የጻፈው ገላውዴዎስ አንድ ነገር ሳይደብቅ አስቀምጦልናል። አንዳንድ ሊቃውንት ቀኑባት። ወደ አባ ፈትለ ሥላሴ ሄደው፣ ሴት ሆና መሪና መምህር ትሆን ዘንድ በየትኛው መጽሐፍ ተፈቀደ ብለው ጠየቁ። መጽሐፍ ይከለክላል ብለው ተከራከሩ። አባ ፈትለ ሥላሴ የመለሱላቸውን በራሴ ቃል ላስቀምጠው። እኛ ስለተበላሸን እኛን ለመገሠጽ እሷን ያስነሣት እግዚአብሔር አይደለምን? የእኛን መሪነት ከእኛ ወስዶ ለእሷ ሰጣት፤ እናንተ ልታስቀሩት አትችሉም። የገማልያልንም ምክር አስታወሷቸው። ከእግዚአብሔር የሆነውን ማፍረስ አይቻልም የሚለውን።

እኔን የሚገርመኝ ይህን የጻፈውም መነኩሴ፣ የተከላከሉላትም መነኩሴ መሆናቸው ነው። ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ ይህን ገጽ ነው የማሳያቸው። ወለተ ጴጥሮስ እንዲያውም የተነሣችው የውጭውን ለመመከት ነው።

ቀድሳለች፣ አቁርባለች እያልኩ አይደለም። ያን ካህናቱ ያደርጉ ነበር። ግን ማኅበሩን የምትመራው፣ ሥርዓት የምትሠራው፣ የምትገሥጸው እሷ ነበረች። ጽጌ የጠየቀችው ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ከእሷ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድማ፣ እዚሁ ጣና ላይ፣ ክርስቶስ ሠምራ ነበረች። የቡልጋ ሰው ናት፤ ጓንጉት ደሴት ገዳሟ ዛሬም አለ። ዲያብሎስን ከፈጣሪው ላስታርቅ ብላ የለመነች እናት ናት። እንዲህ ያለ ልብ ያላትን ሴት በቅድስና ተቀብለን፣ ለምን ሒሳብ የምታውቅ ሴት ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንደነግጣለን?


የቦጂ ልጅ

እኔ መካነ ኢየሱስ ነኝ። ስለ እኛ ልጨምር።

ወለጋ ስናድግ አስቴር ጋኖ የሚለውን ስም እናቶቻችን ናቸው ያስተማሩን። በባርነት ተይዛ፣ ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል ነጻ የወጣች የኦሮሞ ልጅ ናት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ በመተርጎም ሠርታለች። ቋንቋውን ከእሱ የበለጠ ታውቅ ነበር፤ እሱ ገና በልጅነቱ ነበር ከሕዝቡ የተለየው። ቃላቱን የሰበሰበችው፣ ተረቱንና ዘፈኑን ከትዝታዋ የጻፈችው እሷ ናት። መጽሐፍ ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሞ ወጣ። በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ፤ እሷም ነጆ ላይ ስታስተምር ኖረች። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን የኦኔሲሞስን ስም ብቻ ነው። ይህ ሁሌ ያመኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን ሴቶችን በቅስና ለመሾም የወሰነችው በ1997 ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት የተሾመችው በ2000 ነው፣ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር። ውሳኔው በአንድ ቀን አልመጣም። ለዓመታት ተከራክረውበታል። ከተወሰነም በኋላ በየምእመናኑ ልብ መግባቱ ሌላ ጉዞ ነው።

እኛ ጋ የመጡት ቄስ ሴት ናቸው። የመጀመሪያው እሑድ ቅዱስ ቁርባን ሲያድሉ አራት ሽማግሌዎች ከወንበራቸው አልተነሡም። አባቴ አንዱ ነበር። ቄሷ ምንም አላሉም። ከአራት ወር በኋላ አያቴ ታመመች። ቄሷ ሌሊት በዝናብ፣ በጭቃ በእግራቸው መጡ። እስክታርፍ እጇን ይዘው ቁጭ አሉ። ገላዋንም ከአክስቶቼ ጋር ሆነው አጠቡ። ወንድ ቄስ ቢሆን ከደጅ ነበር የሚቆመው። ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ አባቴ ተነሥቶ ሄዶ ቆረበ። ቤት ስንመለስ አንዲት ቃል አልተናገረም። እኛም አልጠየቅነውም።

ቢሆንም ጥያቄው አላለቀም። ሴት ቄስ መሾም አንድ ነገር ነው። የምክር ቤቱ፣ የበጀቱ ጠረጴዛ ሌላ ነው። እዚያ ዛሬም ጥቂት ናቸው።


ለንደን ነኝ

አጭር ነገር። እዚህ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን በቅስና መሾም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ በ2015። በጥቅምት 2025 ደግሞ ሳራ ሙላሊ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆና ተሰየመች። ድሮ ነርስ ነበረች። በዚህ ምክንያት የተቆራረጡም አሉ፤ በተለይ በአፍሪካ ያሉ አንግሊካኖች ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ የእኛን በእነሱ አልለካም። ለመረጃ ያህል ነው።


የመሠረተ ክርስቶስ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1982 ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ዘግቶ መሪዎቹን ሲያስር፣ ጉባኤው ወደ ቤት ገባ። አምስት ስድስት ሰው ሆኖ በየሳሎኑ። በሩን የከፈቱት እናቶች ናቸው። ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ የመጣ እንዲመስለው አድርገው ቃሉን ያካፍሉ ነበር። እናቴ አንዷ ነበረች። በእነዚያ የጭንቅ ዓመታት ቤተ ክርስቲያኗ በብዙ እጥፍ አደገች። ነጻነት ሲመጣ ግን መድረኩ ወዲያው የወንዶች ሆነ። እናቴ ወደ ኋላ ወንበር ተመለሰች። ቅር ብሏት አያውቅም፤ እኔን ግን ቅር ይለኛል።


ስምረት ከቤይሩት

የእህቶቼን ጽሑፍ በእረፍት ቀኔ አነበብኩ። እኔም ልጻፍ።

ቤይሩት 9 ዓመቴ ነው። የቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ያለው ሐበሻ ከሞላ ጎደል ሴት ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያንም ስትሄጂ፣ ማኅበርም ስትቀመጪ የምታይው ሴት ነው። ካህን በየጊዜው አይገኝም። እሑድ እረፍት ያገኘን አንድ ክፍል እንከራያለን። ግእዝ ማንበብ የምትችል አንዲት እህት አለችን። ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ እኛ እንቀበላለን። ገድል እናነባለን። ከዚያ ሻይ በዳቦ ይቀርባል፤ የሳምንቱ ችግር ይወራል። ማን ደሞዝ ተከለከለች፣ ማን ታመመች፣ ማን ከቤት ጠፋች።

በ2020 በአውሮፓውያኑ፣ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቹን በሻንጣቸው እያመጡ ቆንስላው በር ላይ ጥለው ሄዱ። መንገድ ላይ ነበር የሚያድሩት። ከዚያ ነሐሴ ላይ ወደቡ ፈነዳ። በዚያ ጊዜ ሩዝ የቀቀልነው እኛ ነን። ፍራሽ ያሰባሰብነው እኛ ነን። አንዲት ልጅ ስትሞትብን አስከሬኗን ለእናቷ ለመላክ ከየኪሳችን አወጣን። ስም የምትጽፍ፣ ገንዘብ የምትይዝ፣ ለቤተሰብ የምትደውል፣ ፍትሐት እንዲደረግላት አገር ቤት ካህን የምትለምን፤ ሁሉም ሴት። ያኔ ማንም መጥቶ ሴት ምን ትሠራለች አላለንም። ሌላ ሰው አልነበረማ።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት አገር ቤት ሄድኩ። ያደግሁበት አጥቢያ ጽዋ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሐሳብ ልሰጥ እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢው አይቶ አለፈኝ። ሁለተኛ አወጣሁ። አሁንም አለፈኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «ተይው ልጄ» አሉኝ። ቤይሩት አርባ ሴት የምትሰማኝ እኔ፣ አገሬ ላይ እጄ አልታየም። ጽጌ፣ እንባሽ ገብቶኛል።


አትሮኖስ

እህት ስምረት፣ ጽሑፍሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሁለታችንም ዝም አልን።

ከትናንት ጀምሮ የማስበው ነገር አለ። «ሴቶች ስለማይማሩ ነው መምህር የማይሆኑት» እንላለን። ለምን አይማሩም ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የአብነት ትምህርቱን አስቡት። እኔ ከቤቴ የወጣሁት በ9 ዓመቴ ነው። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቤ። በእንተ ስማ ለማርያም እያልኩ በየደጁ ቁራሽ ለመንኩ። ውሻ ነክሶኛል፤ ጠባሳው እግሬ ላይ አለ። ማታ የምናድረው ራሳችን በሠራናት የሣር ጎጆ ነው። ንባብ ቤት ከጨረስኩ ዜማ ፍለጋ ሌላ አገር፣ ከዚያ ቅኔ ፍለጋ ሌላ አገር። የትኛዋ እናት ናት ሴት ልጇን በዚያ መንገድ የምትለቅ? ጠለፋው አለ፣ ሌላው አደጋ አለ። ስለዚህ በሩ የተዘጋው ከጉባኤው ቀድሞ መንገዱ ላይ ነው። ቀኖና አልከለከላትም፤ መንገዱ ከለከላት።

የተሻገሩትም አሉ። ጎጃም ውስጥ፣ ጽላሎ ላይ፣ እማሆይ ገላነሽን አስታውሱ። ዐይነ ሥውር ነበሩ። ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ወንዱ ተማሪ ከየአገሩ እየተጓዘ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ከአጭሩ ጉባኤ ቃና እስከ ረጅሙ መወድስ ተቀኝቷል። ከእሳቸው የተቀበሉ ሰዎች መምህር ሆነው ወጥተዋል። ማንም «ከሴት አልማርም» ብሎ ቅኔ አልተወም። እሳቸው ካህን አልነበሩም፤ ካህናትን ያስተማሩ ግን ነበሩ።

ሌላም ልጨምር። ዲድስቅልያ በሚባለው የሥርዓት መጽሐፋችን ውስጥ ዲያቆናዊት አለች። ሴቶች ሲጠመቁ የምታገለግል፣ ወንድ ሊገባበት የማይገባውን ቤት ገብታ ሴቶችን የምትጎበኝ። ጥምቀቱ ሴት በ80፣ ወንድ በ40 ቀን ሲሆን፣ የአዋቂ ሴት ጥምቀት ሲያንስ አገልግሎቱም ደበዘዘ። በ2024 በአውሮፓ አቆጣጠር የእስክንድርያ ግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሥር ዚምባብዌ ሐራሬ ላይ አንዲት ዲያቆናዊት ተሹማለች። እነሱ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉ፣ ከእኛ የተለዩ ናቸው፤ እኛን አያስሩንም። እኔም እዚህ ተነሥቼ ይሁን አይሁን ልል አልችልም፤ የሊቃውንትና የሲኖዶስ ጉዳይ ነው። ግን መጻሕፍቱ ውስጥ ያለውን ስም እንኳ አለመጥራታችን ልክ አይመስለኝም።


እናት ነኝ

ስለ ስብሰባ ብቻ አውርታችሁ እንዳታልፉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባሌ ይመታኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፤ «ታገሺ ልጄ፣ ጸልዪለት» አሉኝ። ሽማግሌ ላኩ፤ ሦስቱም ወንዶች። ሳሎን ተቀምጠው እሱን ሰሙት፤ እኔ ቡና አቀርባለሁ። «ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ» ብለው ሄዱ። የሆነብኝ ነገር ሁሉ ለወንድ አፍ ተከፍቶ የሚነገር አልነበረም። የደረሰልኝ አንዲት መነኩሲት ናቸው። ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉና «ልብስሽን ግለጪ፣ ልየው» አሉኝ። ጀርባዬን አዩ። በማግስቱ እጄን ይዘው አስተዳዳሪው ዘንድ ወሰዱኝ፤ እሳቸው ናቸው የተናገሩልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ነገር የተለወጠው።

እሳቸው ምንም ሹመት የላቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ምናልባት ሦስት ዓመት ቀድመው ይደርሱልኝ ነበር። በየአጥቢያው ሴት የምትሄድባት አንዲት የተሾመች እናት ብትኖር ምን ይጎድላል? ዲያቆን ወንድሜ ስለ ዲያቆናዊት ሲጽፍ የታየኝ ይኸው ነው።


ጣና ዳር

እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የሁላችንንም ወሬ ወደ ቦታው መለሱት።


ሲልቨር ስፕሪንግ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ብዙውን ጊዜ በሕግ ይመዘገባሉ፤ ቦርድ አላቸው፤ ሒሳብም በሥርዓት መያዝ አለበት። ስለዚህ ሙያ ያላት ሴት ትፈለጋለች። በእኛ ቦርድ ከ9 ሰው 4 ሴቶች አሉ። ሕንፃውን ስንገዛ ከባንክ ጋር የተደራደረችው አንዲት ነርስ ናት፤ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ሳትተኛ ትመጣ ነበር።

ግን ሁሉም ነገር ተስተካክሏል እንዳልል። ቦርድና ካህናት ሲጋጩ፣ በሁለቱም ወገን የሚጮኸው ወንድ ነው፤ ማስታረቅ ሲመጣ ሴቶቹ ይላካሉ። ሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ እዚህ የተወለዱ ሴት ልጆቻችን በግልጽ ይጠይቁናል። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ወንድሟ በ8 ዓመቱ ድቁና ሲቀበል «እኔስ ምን ልሁን?» አለችኝ። ዘማሪ ትሆኛለሽ አልኳት። «እሱም ይዘምራል እኮ» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጽጌ፣ ልጄ አንድ ቀን የምታያት ሴት እንድትኖር ነው የምፈልገው። ተነሥታ ስትናገር፣ ሌሎች ዝም ብለው ሲያዳምጧት። ክህነቱን ለሊቃውንት እተወዋለሁ።


ቃሉ ይቅደም

ተመልሼ መጣሁ። ለጽጌ ጥያቄ መልስ ስላልሰጠሁ።

በቦርድ ጉዳይ አቋሜ አልተለወጠም፤ ማስመሰል አልፈልግም። የእናት ነኝን ጽሑፍ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በትዳር ጉዳይ የሚሰሙት ሽማግሌዎች ሁሉም ወንዶች ናቸው። ይህንን የሚያዝ ቃል የለም። እንዲያውም ቲቶ 2 አሮጊቶች ቆነጃጅቱን ይምከሩ ይላል። እሑድ ለሽማግሌዎቹ አቀርበዋለሁ፤ የትዳር አቤቱታ ሲመጣ ሁለት እናቶች አብረው እንዲቀመጡ። እናቴ አንዷ እንድትሆን እጠይቃለሁ።


ጽጌ ዘአጥቢያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናት ነኝ፣ እርስዎን በተለይ። ሌሊቱን ሳስብዎት አደርኩ።

የሆነውን ልንገራችሁ። ማክሰኞ የጣና ዳርን ጽሑፍ አትሜ፣ ቃለ ዓዋዲውን ይዤ ወደ አስተዳዳሪው ሄድኩ። ልቤ ይመታ ነበር። ብቻዬን አልሄድኩም፤ ሙዳየ ምጽዋት ከሚይዙት እናቶች አምስቱ አብረውኝ መጡ። አንዷ 74 ዓመታቸው ነው። እኔ ሕጉን አነበብኩ። እሳቸው ግን ሕግ አላነበቡም። «አባታችን፣ ገንዘቡ ሙዳዩ ውስጥ ሲገባ ድምፁን እኔ አውቀዋለሁ። አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚወጣ ልስማ» አሉ። አስተዳዳሪው ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻ በምርጫው ቀን ዝም ማለታቸው እንደቆረቆራቸው ነገሩን።

ከተመረጡት አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረዋል፤ የማሟያ ምርጫ ከጥምቀት በኋላ ይደረጋል። ስማችን ይጻፋል። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሦስት ሴቶች ስም። ብንመረጥም ባንመረጥም በጉባኤው ፊት ይጠራል። ያ ሰውም ይኖራል፤ የጎረቤቴ ወንድም ነው፤ ሰላም እለዋለሁ።

አትሮኖስ፣ አንድ ልመና። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ግእዝ መማር የሚፈልጉ ሰባት ሴት ልጆች አሉ። መንገድ መውጣት ሳያስፈልጋቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚያው አዳራሽ። የሚያስተምር ሰው ታውቅልን ይሆን?


አትሮኖስ

አዲስ አበባ ከሆናችሁ እኔ እመጣለሁ። አድራሻውን በውስጥ ላኪልኝ። ከንባብ እንጀምራለን።


ስምረት ከቤይሩት

ከጥምቀት በኋላ ውጤቱን ሳትጽፊልን እንዳትቀሪ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ይህን ውይይት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ 38 ነበርን። የእናት ነኝ ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ፤ ሌላዋ ተቀብላ ጨረሰችው። ግእዝ የምታነብልን እህት ደግሞ የቅዳሜውን ትምህርት በስልክ መከታተል ይቻላል ወይ እያለች ነው።